ሃያ ሦስት አንድ ዓይነት ጃኬት

በሳልባጅ ንግድ ሁለት አንድ ዓይነት ልብስ አይገኝም። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ሰበታ ውስጥ ያለ ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። ቦንዳው፣ የታሰረው የልብስ ጥቅል፣ ሲፈታ አንዱ የሆነች ፈረንጅ የሰለቻት ቀሚስ ነው፣ ሌላው የሌላ ፈረንጅ ልጅ የጠበበው ሱሪ ነው። እጅህ የገባውን ካልወሰድክ ወንድሙን አታገኝም። ደንበኛዬን የምይዘው በዚህች አንዲት ነገር ነበር። «ተወው እንግዲህ፣ ነገ ሌላ ሰው ለብሶት ታየዋለህ» እለዋለሁ። ይወስዳል።

ስለዚህ በሁለት ሺህ ሰባት ክረምት ሊገባ ሲል የፈታሁት ቦንዳ እኔኑ አስደነገጠኝ። ከመሃሉ ሃያ ሦስት ሰማያዊ ጃኬት ወጣ። ሁሉም አንድ ጨርቅ፣ የሚያብረቀርቅ ሳቲን። ሁሉም ጀርባው ላይ በነጭ ክር የተጠለፉ ሁለት የሚጨባበጡ እጆች አሉበት፣ ዙሪያውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ማንም አልለበሳቸውም። የታጠፉበት መስመር እንደ ወረቀት ደርቆ ነበር።

ቦንዳው በየት በኩል እንደገባ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠይቅም ነበር። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው፣ ገበያው ላይ ግን ከሽንኩርት ይበልጣል። ጉምሩክ እኔን በስም አያውቀኝም፣ በጥርጣሬ ነው የሚያውቀኝ።

ጽሑፉን ያነበበልኝ ኦቦ ነው። ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ያህል መካኒክ የሆነ፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት የሚበልጥ፣ ፉሪ ከአባቱ ማሳ ዳር የሚኖር ሰው ነው። ፋብሪካው የመንግሥት ሳለ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስለነበር ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ሊቀመንበር ይለዋል። እኔ በኦሮምኛ አክብሬ ኦቦ እለዋለሁ፣ እሱ ቦንዳ ይለኛል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሲወጣ ሱቄ ይመጣና ካልተፈታ ቦንዳ ላይ ይቀመጣል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለኝ ጃኬቱን ሲያይ።

«ከአሜሪካ ነዋ። ምን ይላል?»

«የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ነው። የአንድ ከተማ ቅርንጫፍ።» ገለበጠው፤ ውስጡን፣ ኪሱን፣ ስፌቱን አየ። የማሽን ሰው ስለሆነ ልብስንም እንደ ማሽን ነው የሚመረምረው። «ለበዓል ይሁን ለሥራ ማቆም አሠርተውታል። ሳይታደል ፋብሪካው ተዘጋ። አንዱ ሽማግሌ ምድር ቤቱ በካርቶን አስቀምጦት ኖረ። ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ጠረጉ።»

«ይሄ ሁሉ ጀርባው ላይ ተጽፏል?»

«ይሄኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

ኦቦ አሜሪካን የተማረው ከደርግ ካድሬ ነው። በዚያን ጊዜ የማኅበር መሪዎችን ሰብስበው ያስተምሯቸው ነበር። አንድ ቀን ካድሬው ተነሥቶ፣ አሜሪካ ውስጥ ከፊልም ተዋናይነት ፕሬዝዳንት የሆነ ሰው አለ፣ የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ቢያቆሙበት አርባ ስምንት ሰዓት ሰጣቸው፣ ያልተመለሱትን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አባረረ፣ ሁለተኛም እንዳይቀጠሩ ከለከለ አላቸው።

«አመንከው?» አልኩት።

«በፍጹም። ካድሬው ስለ ገዛ አገራችን የሚነግረን ሁሉ ውሸት ነበር፤ ስለ አሜሪካ ለምን እውነት ይነግረናል? ተዋናይ ፕሬዝዳንት ሆነ ሲልማ ጭራሽ መስማት ተውኩ።»

እውነት መሆኑን ያወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ የራሱ ፋብሪካ ሊሸጥ ሲል ነው። መንግሥት ከንግድ ይውጣ፣ ፋብሪካ ይሸጥ፣ ሠራተኛ ይቀነስ የሚል ወረቀት በስብሰባ ላይ ተነበበላቸው። አበዳሪዎቹ ናቸው ያሉት ተባለ። ኦቦ ወረቀቱን ሲሰማ የካድሬው ድምፅ መጣበት።

«ያ ተዋናይ የሀብታሞችን ግብር ቀነሰ» አለኝ። «ላይኛው ሲጠግብ ወደ ታች ይንጠባጠባል አለ። ማኅበሮቹን ሰበረ። ባለ ፋብሪካዎቹ ይሄን ሲያዩ፣ እሱ ከቻለ እኛስ ምን ያግደናል አሉ። ይሄ ጃኬት ያኔ ነው ካርቶን ውስጥ የቀረው። ከዚያ ትምህርቱ በብድር ላይ ተጭኖ አገር ላገር ዞረ። እኛ ጋ ሲደርስ ዐሥር ዓመት ፈጅቶበታል። የአንተ ቦንዳ ትንሽ ዘገየ እንጂ የመጣው በዚያው መንገድ ነው።»

«ባለ ጃኬቶቹ ታዲያ ቁጭ ብለው አዩት?»

«ግማሾቹማ መርጠውታል።»

«ራሳቸው?»

«ራሳቸው። ነዳጅ ተወዶባቸው፣ ኑሮ ተወዶባቸው፣ በጦርነት ተዋርደው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የተናቀች መስሏቸው ነበር። መሪዎቻቸው የሚያወሯቸው ስለ ደሞዝ ነው። እሱ ስለ ኩራት አወራቸው። እኔም እኮ ሊቀመንበር ሳለሁ ስለ ደሞዝ ብቻ ነበር የማወራው።»

ፋብሪካው ሲሸጥ ከሠራተኛው ከግማሽ በላይ ተቀነሰ። ኦቦን ያስቀሩት ማሽኖቹ ስላረጁና ጠባያቸውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። እኔንም አይምረኝም። «ይሄን ፋብሪካ የገደልከው አንተ ነህ። ሳልባጅ እያለ የኛን ክር ማን ይገዛል?» ይለኛል። «ታዲያ ከገዳይህ ላይ ተነሣ» እለዋለሁ፣ የተቀመጠበትን ቦንዳ እያሳየሁት። አይነሣም።

ያችኑ አሜሪካ በሌላ አፍ የሰማሁት ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። አዲሱ ባለቤት ያመጣው ሰው ነው፤ በዚያ ተዋናይ ዘመን እዚያ ተማሪ ነበር፣ ሳህን እያጠበ ተምሯል። የአሜሪካ ስፌት ካልሆነ ኮት አይለብስም። ነገር ግን ሳልባጅ ሲገዛ መታየት ስለማይፈልግ መኪናውን ራቅ አድርጎ ያቆማል፣ እኔ የመረጥኩለትን ይዤለት መኪናው ውስጥ እገባለሁ።

«እሱ ሳይመጣ በፊት ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ እንውል ነበር» ይለኛል ኮቱን እየለካ። «አገሩ አንገቱን ደፍቶ ነበር። መጣ፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ አለ፣ ሰው ቀና አለ። አንተ ራስህ ሳታውቀው የእሱ ተማሪ ነህ። ፈቃድ የለህ፣ ግብር የለህ፣ መንግሥት አያውቅህ። እያንዳንዱ የራሱን ጥቅም ሲያሳድድ አገር ይለማል። አንተ እየኖርክ ያለኸው ይሄን ነው።»

እንደ ምርቃት ነበር የምሰማው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ መርካቶ በተሸካሚነት የጀመርኩ ሰው ነኝ። ኑሮዬን የተማረ ሰው ፍልስፍና ሲያደርግልኝ የመጀመሪያዬ ነው። መንግሥት እጁን ይሰብስብ የሚለው ይኸው ሰው ለፋብሪካው ማስፋፊያ የገበሬ መሬት ከመንግሥት እጅ መቀበሉን አውቅ ነበር። የኦቦ አባት ማሳ ግማሹ ዛሬ በዚያ አጥር ውስጥ ነው። ግን ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ይከፍላል፤ ከጥሩ ከፋይ ጋር ደግሞ አልከራከርም።

ሃያውን ጃኬት በአንድ ሳምንት ሸጥኩ። መጀመሪያ ኦቦ አንዱን ወሰደ። በማግስቱ በቅነሳ ከወጡት የድሮ ጓደኞቹ ዐሥራ አንዱን አስከትሎ መጣ። ሽማግሌ ሁሉ እንደ ተማሪ ሱቄ በር ላይ ተደርድሮ ጃኬት ለካ። «አሁን ማኅበር ሆንን» አለ አንዱ፣ ሳቁ። ስምንቱን የወሰዱት ከደቡብ መጥተው በግንባታና በፋብሪካ የሚሠሩ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናቸው። ልብስ ለማሰፋት አቅም አልነበራቸውም፤ የሚጨባበጡ እጆችም ለመዝሙር ያምራሉ አሉ። መዘምራኑ ዐሥራ አንድ ስለነበሩ ሦስቱ በሌላ ኮት ከኋላ ቆመው ዘመሩ። ሦስት ጃኬት እኔ ጋ ቀርቶ ነበር፣ ግን እያንዳንዱ ሁለት ሰው ያስገባል። እዚያ አገር የብረት ሠራተኛ ምን እንደሚበላ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ኅዳር መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ትሰፋለች፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በአንድ ማስተር ፕላን ውስጥ ገብተዋል ተባለ። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፣ ያልፈራ ገበሬም አላጋጠመኝም። ተማሪዎች ጀመሩት። የጅማ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ወታደር መጣ፣ ሰው ሞተ። ቡራዩና ሱሉልታ በገበያ ቀን የማወጣውን ዕቃ ተውኩና ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጭስ መቁጠር ጀመርኩ። ሰው ስለ ልጁ ሲፈራ እኔ ስለ ቦንዳ እፈራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከገበያው በላይ ሰልፍ ወጣ። ተተኮሰ፣ ሰው ተበተነ። ከሚሮጡት መሃል ሁለት ባለ ሰማያዊ ጃኬቶች ነበሩ፣ የኦቦ ጓደኞች። ሰልፍ ውስጥ ይሁኑ መንገድ ላይ ይድረስባቸው አላውቅም። አንድ ወታደር የሁለቱ ጀርባ አንድ መሆኑን አየ። ሦስተኛ ተገኘ፣ አራተኛ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሰልፈኛ መፈለጋቸውን ትተው ጃኬት መፈለግ ያዙ። መዘምራኑን ከግንባታ ቦታ ለቀሟቸው። ኦቦን ምሳ ሊበላ ሲወጣ ፋብሪካው በር ላይ ወሰዱት፤ ከቱታው ሥር ለብሶት ነበር።

ወሬው ስምንት ሰዓት ገደማ ደረሰኝ። ያደረግኩትን ሳላስብ ነው ያደረግኩት። በእኛ ሥራ ችግር ሲመጣ የመጀመሪያው ነገር ዕቃው አለመኖሩ ነው። ሰውዬው ቢገኝ ግድ የለም፣ ዕቃው አይገኝ። ሃያ ዓመት የዳንኩበት መንገድ ነው። ሦስቱን ትልልቅ ጃኬቶች፣ ቦንዳው የታሸገበትን ጆንያ፣ የታሰረበትን ቆርቆሮ ሁሉ ጓሮ አወጣሁና ጋዝ አርከፍክፌ ለኮስኩት። ሳቲን እንደ ጥጥ አይነድም፣ ይቀልጣል። ጥቁር ሆኖ ድንጋዩ ላይ ተጋገረ። እሱን በአካፋ ፋቅኩት፣ ቆርቆሮውን ጉድጓድ ቀበርኩት። ሥራው ንጹሕ ነበር።

በዚያው ቀን፣ እኔ ድንጋይ ስፍቅ፣ የመዘምራኑ ፓስተር ጣቢያ ደርሰዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀትና መዘምራኑ ጃኬቱን ለብሰው ሲዘምሩ የተነሡትን ፎቶ ይዘው ነው የሄዱት። ልጆቹ ጥቂት ጥፊ ቀምሰው፣ ጃኬታቸውን አስረክበው ሳይመሽ ወጡ።

ረቡዕ ጠዋት የኦቦ ሚስት መጣች። ለባሏ ቁርስ አድርሳ መመለሷ ነው፣ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛለች።

«አካም ቡልቴ?» አልኳት።

«እኔማ አድሬአለሁ። ያላደረው እሱ ነው።» አልተቀመጠችም። «መርማሪው ዩኒፎርም ነው ይላል። ሳልባጅ ነው ስንለው ሳቀብን። ‹ልጆቼን የማለብሰው እኔ ራሴ ሳልባጅ ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት አግኝቼ አላውቅም› አለ። ‹ይሄን ያከፋፈለ ሰው አለ፤ የማኅበር ሊቀመንበር የነበረ፣ መሬትም የተወሰደበት ሰው ደግሞ እጄ ላይ አለ› አለን።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ገበያ ነው የገዛሁት፣ ሻጩን አላውቀውም ብሏል።» ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም። «እኔ ግን አውቀዋለሁ። መርማሪው፣ ሻጭ አለ ካላችሁ ዕቃውን ይዞ ይምጣ፣ ባይኔ ካየሁ እለቃቸዋለሁ ብሏል።»

«ነገ እሄዳለሁ» አልኳት።

«ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነው። አምስት የሥራ ቀን የቀረ ይሰናበታል። ያ ሥራ አስኪያጅ ይሄን ነው ሲጠብቅ የኖረው፤ አሁን ሁለት ወጣት መካኒክ ቀጥሯል። ሰኞ አምስት ይሞላል። ማሎ፣ እባክህ፣ ከሰኞ በፊት ይውጣ።»

ነገ ያልኳት ለመዋሸት አልነበረም። ግን ስትሄድ ከሱቄ ጀርባ ወዳለው መጋዘኔ ገባሁና አየሁት። እስከ ጣሪያ ድረስ የተደረደረ ቦንዳ፣ ሃያ ዓመት። መርማሪው ዕቃ ላሳይ ስለው ተነሥቶ የሚመጣው እዚህ ነው። ኦቦ ይወጣል፣ ዕቃዬ ይገባል። መጀመሪያ ዕቃውን ባሸሽ፣ ከዚያ ሄጄ ብመሰክር ሁለታችንም እንተርፋለን ብዬ አሰላሁ። ሦስቱን ጃኬት ባላቃጥል ኖሮ አንዱን ብቻ በእጄ ይዤ እሄድ ነበር የሚለው ሐሳብ መጥቶብኛል። ተወው አልኩት ለራሴ፤ አመድ አይለበስም።

በጅማ መንገድ፣ ገበሬ አገር ተጂ ውስጥ፣ የሚስቴ ወንድም ቤት አለ። አይሱዙ ተከራየሁ። ረቡዕ መንገዱ ተዘግቶ ዋለ። ሐሙስ ተከፈተ፣ ቦንዳውን ከታች ጭኜ ከላይ በጭድ ሸፈንኩት። ጭድ ከተጂ ወደ ሰበታ ይመጣል እንጂ ከሰበታ ወደ ተጂ አይሄድም። ይሄን ያላስተዋለው ተፍኪ ላይ ያስቆመኝ ወታደር ብቻ ነው፤ የአካባቢው ሰው አልነበረም። በዱላ ሁለት ቦታ ወጋ አድርጎ አሳለፈኝ።

ዓርብ ሁለተኛውን ጭነት ስጭን የኦቦ ሚስት ምሳ ዕቃዋን ይዛ በዚያ አለፈች። ቆመች። ጭዱን አየች፣ የመኪናውን አፍንጫ አቅጣጫ አየች።

«ወደ ተጂ ጭድ ትወስዳለህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እነሱ ጋ አልቆባቸው ነው?»

ገመዱን አጠበቅኩ። «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፣ በእርግጠኝነት» አልኳት።

«ሦስተኛው ቀን ነው» ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዝ ቀይሬ ጣቢያ ሄድኩ። ደረቴን ነፍቼ ነበር ማለት ይቻላል። መርማሪው አጠር ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«ጃኬቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሳልባጅ ነጋዴ ነኝ። ከአንድ ቦንዳ ነው የወጣው፣ ሃያ ሦስቱም።»

«ጥሩ» አለ፣ እስክሪብቶ አነሣ። «የቀረህን አሳየኝ።»

«የቀረ የለም።»

«ቦንዳው የመጣበት ማሸጊያ?»

«ተጥሏል።»

«ሌላ ቦንዳስ? ሳልባጅ ነጋዴ አይደለህ?»

«ሥራ አቁሜአለሁ። ሁከቱ ስለበዛ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁለት ፖሊስ አስከትሎ እኔኑ እየነዳ ሱቄ መጣ። ለራሴ ኮርቼበት የነበረ ሥራ ነው፣ ወለሉን ሳይቀር በውኃ አጥቤዋለሁ። መርማሪው መሃል ላይ ቆሞ ዞር ዞር አለ። አንድ ክር የለም።

«ይሄ ነው የሳልባጅ ሱቅ?»

«ነበር።»

«እኔ መጋዘን ሙሉ ጨርቅ ባገኝ ኖሮ አምንህ ነበር» አለ፤ የተናደደ እንኳ አይመስልም። «እስከ ዛሬ የት ነበርክ? የመዘምራኑ ፓስተር በሰዓቱ መጡ። አንተ በአራተኛ ቀንህ ባዶ ቤት ይዘህ ትመጣለህ። ማነው የከፈለህ?»

ጎረቤት ይመሰክርልኛል ብዬ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሳልባጅ ነጋዴዎች ናቸው። ሁሉም በራቸውን ዘግተዋል፤ እኔም ብሆን እዘጋ ነበር። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አስቀምጠው በጥፊም በጥያቄም አደከሙኝና ለቀቁኝ። ከመልቀቃቸው በፊት መርማሪው የጻፈውን አነበበልኝ። ተጠርጣሪው ከውጭ ሐሰተኛ ምስክር አሰማርቷል ይላል። ተጠርጣሪው ኦቦ ነው፣ ሐሰተኛው እኔ ነኝ። ፈረምኩ።

እሑድ ፓስተሩን ከአምልኮ በኋላ ጠብቄ አብረውኝ ሄደው እንዲመሰክሩልኝ ለመንኳቸው። አላመነቱም፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደያዙ ተነሡ። ጣቢያው ስንደርስ ኦቦና ጓደኞቹ ጠዋት በመኪና ተጭነዋል አሉን። የት? አይነገርም። ስንመለስ ፓስተሩ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ።

«ማክሰኞ እኔ ስሄድ ብትነግረኝ» አሉ ዞር ብለው፣ «መንገዱ እኮ አንድ ነበር።»

«ፈራሁ፣ ፓስተር።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉኝ። ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ይመስለኛል። አላጽናናኝም።

ሰኞ የቀረኝ በር የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነበር። ግድግዳው ላይ የዚያ ተዋናይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ በፈረስ ላይ ሆኖ ይስቃል።

«ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ይጻፉለት» አልኩት። «የፋብሪካው ሠራተኛ ነው፣ ከሥራ ገበታው ነው የተያዘው ብለው። ቢያንስ ቀኑን አይቁጠሩበት።»

«እንዳዘንኩ እወቅ» አለ። «ግን ሕጉ አምስት ቀን ነው የሚለው። ለምን እንደቀረ መመርመር የፋብሪካው ሥራ አይደለም።»

«ታስሮ እኮ ነው።»

ወደ ፎቶው ቀና አለ። «እሱ አርባ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የሰጣቸው። አገር የዳነው ያን ቀን ነው። ስታመነታ ሁሉም ይደፍርሃል።»

«እነዚያ ሥራ አቁመው ነው። ይሄ ምሳ ሊበላ ነው የወጣው።»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ ምን ነካህ? ነጋዴ ነህ። ለራስህ አስብ።»

«ለራሴማ አስቤ ጨርሻለሁ» አልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት የስንብት ማስታወቂያው በፋብሪካው በር ላይ ተለጠፈ። ሠላሳ ዓመቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ወጣው።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። ሰው ደስ ይበለው ይዘን ሳያውቅ ሰነበተ። መንገዱ ሲረጋጋ እኔ ቦንዳዬን ከተጂ መለስኩ፣ በዚህኛው ጊዜ ጭዱ በትክክለኛው አቅጣጫ ነበር። አንድም አልጎደለም። ሥራ አስኪያጁ ኮት ሊለካ መጣ፣ ሸጥኩለት። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም፤ የሆነው እንደዚህ ስለሆነ ነው።

ኦቦን ሚያዝያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ለቀቁት። ክስ አልተመሠረተበትም፤ ተመክሮ ወጣ አሉ። እኔ ግንቦት እስኪገባ አልሄድኩም። ስሄድ ፉሪ ከቤቱ ደጅ የጎረቤት የውኃ ፓምፕ ፈትቶ ብረቶቹን ማዳበሪያ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። ቀጥኗል፣ የግራ እጁ ጣቶች አልታጠፍ ብለውታል። ሚስቱ ከውስጥ ወጥታ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

«ቁጭ በል» አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ፓምፑ አወራን። አጥሩ ማዶ የፋብሪካው ማስፋፊያ ግድግዳ ቁመቱ ጨምሯል። በመጨረሻ ጠየቅኩት።

«ኦቦ፣ ስሜን ለምን አልሰጠሃቸውም?»

ብረቱን በጨርቅ ጠረገ።

«እዚያ ሆኜ ደጋግሜ አሰብኩበት» አለኝ። «ማክሰኞ ዕለት ስምህን ብሰጥ ኖሮ ወዲያው መጋዘንህ ይመጡ ነበር። ሙሉ ሆኖ ያገኙታል። ዕቃውን ያያሉ፣ ሳልባጅ መሆኑን ያምናሉ። አንተ ዕቃህን ታጣለህ፣ ምናልባት ትቀጣለህ። እኔ ረቡዕ ጠዋት ማሽኔ ላይ ነኝ። ጓደኞቼም ቤታቸው። ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ነበር። ግን ይሄ የገባኝ በሦስተኛው ወር ነው።»

«ያኔስ ምን አሰብክ?»

«ያኔማ በራሱ ይመጣል ብዬ ነው። ረቡዕ ጠበቅኩህ። ሐሙስ ጠበቅኩህ። ዓርብ ሚስቴ ምሳ ስታመጣ ስለ ጭዱ ነገረችኝ።»

የምለው ፈለግኩ። ሥራ አስኪያጁ ያስተማረኝ ሁሉ፣ ኦቦ ራሱ ያስተማረኝ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ ለዚህ የሚሆን ግን አንድ ቃል አላገኘሁበትም። «ጥፋቴ ነው» አልኩት።

«ያን መፍቻ አቀብለኝ» አለኝ።

አቀበልኩት።

«ይሄ አይደለም። ትልቁን።»

ትልቁን ሰጠሁት። በደህናው እጁ ሊያጠብቅ ሲሞክር ፓምፑ ዞረበት፣ እኔ ያዝኩለት። እንደዚያ ሆነን እስከ ምሳ ሰዓት ሠራን። እሱ ያዝ ሲለኝ እይዛለሁ፣ ልቀቅ ሲለኝ እለቃለሁ። ፓምፑ ተገጥሞ ሲያልቅ ተነሥቼ ልብሴን አራገፍኩ። ምሳ አልተባለም። «በል ደህና ዋል» አልኩት፣ «ደህና ዋል» አለኝ። ግቢው ረጅም ነው፣ ከቤቱ እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። በዚያ ቤት ስገባ ስወጣ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሳይሸኘኝ ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ብቻዬን ሄጄ በሩን ከውጭ ዘጋሁት።